መባው ለምን ይውል ነበር? ከወላይታ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ጥቂት



ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የተነሣውን ክርክር የረሳ አባል ያለ አይመስለንም። አንድ አባል ብድግ ብለው፤ እድሩ በባንክ ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ አባላቱ ለሚያሠሯቸው አብያተ ክርስቲያናት ሕንፃ እርዳታ ይሰጥ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ወዲያው ሌላው አባል ተነሡና «የማንኛችን ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ካቶሊኩ በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ ሲቀመጥ የኖረ ሰው በዚያች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጎራ ለየ። ነገሩም «ለከርሞ ይደር» ተብሎ ተዘጋ። ይኸው ከርሞ ደረሰ። የመጽሔቱ ኮሚቴም «እርስዎ በጽሕፈት ሥራ ያረጁ ሰው ነዎትና እስቲ በዚህ ነገር ላይ አንድ ነገር ይጻፉ» ስላለን፤ እንቢ ማለት ነውር ሆኖብን ብዕር አነሣን።

ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሊቅ ነን አንልም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል መዝገብ ቤት ተቀምጠን ገቢና ወጪ ስንጽፍ ስለኖርን፤ ገንዘብ የገባበትንና የወጣበትን ሳናይ እንቅልፍ የማይወስደን ሰዎች ሆነናል። ሰው ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው ገንዘብ ምን ላይ ሊውል ይገባዋል? ይህን በክርክር እንፍታው ካልን ተጣልተን እንለያያለን። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩት ምን ላይ እንዳዋሉት ብናይ ይሻላል ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

ከሩቁ እንጀምር። ድሮ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን የምትኖረው በመባ ሳይሆን በመሬት ነበር። «ሲሶ ለቀዳሽ» የሚለው አባባል ልኩ በየስፍራው እውነት ነበር ባይባልም፤ ደብሩ ጉልት፣ ካህኑም የሰሞን መሬት እንደነበረው የታወቀ ነው። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና ድል ሆነው ወላይታ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ከገባች በኋላ ይኸው ሥርዓት ከሹማምንቱ ጋር ወደኛም ወረደ። ጭሰኛው ያርሳል፣ ይገብራል። ታዲያ ገባሩ «ያገባሁት እህል ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ አልነበረውም፤ ምክንያቱም የሰጠው በፈቃዱ ሳይሆን በግዴታው ነው። በግዴታ የተሰጠ ነገር ሒሳብ አይጠየቅበትም። በፍትሐ ነገሥት ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለድሃው፣ ለሙት ልጁና ለእንግዳው እንዲደርስ ኤጲስ ቆጶሱን ኃላፊ የሚያደርግ ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ ነበረ፤ ጠያቂው ነው ያልነበረው።

ይህ ነገር በሁለት ምክንያት ተለወጠ። የመጀመሪያው በ1965 ዓ.ም. በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ነው። በዚህ ደንብ በየአጥቢያው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ፤ አባሉም መዋጮ እየከፈለ ደረሰኝ ይቀበል ጀመር። ሁለተኛው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በዚያች ቀን የቤተ ክርስቲያን የገጠር መሬት ሁሉ ከእጇ ወጣ፤ ኑሮዋም በምእመናኑ ኪስ ላይ ሆነ። ቃለ ዓዋዲው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ባይወጣ ኖሮ ስንቱ ደብር ይዘጋ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው። እኛን ደስ የሚያሰኘን ግን መዋጮው አይደለም። ከፋዩ ከካህኑ ጋር ተቀምጦ ስለ ወጪው እንዲመክር መደረጉ ነው። ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም የሚለውን የየአጥቢያው ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ወላይታው የወንጌል አማኞች ታሪክ እንምጣ። ሰፊው ነገር እዚህ ላይ ነው።

በ1920 ዓ.ም. ገደማ ዶክተር ላምቢ የመሯቸው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ደቡብ ወርደው ከሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ። ሕክምናና ትምህርት ጀመሩ። ለአምስት ዓመት ያህል አንድም ሰው አልተጠመቀም። በ1926 ዓ.ም. አሥር ሰዎች ተጠመቁ። ጣልያን አገሩን ይዞ ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ላይ ሚሲዮኖቹ ሲወጡ የተጠመቀው ሰው 48 ብቻ ነበር። ጣልያን ተባሮ ፈረንጆቹ ሲመለሱ ግን ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነው። ይህን ቁጥር የዚህችን ቤተ ክርስቲያን፤ ማለት ኋላ ቃለ ሕይወት የተባለችውን፤ ታሪክ የጻፉ ሁሉ ይናገሩታል።

ሰባኪው ይህን ሲሰማ «ተአምር ነው» ይላል። እኛ አንከራከረውም። የእኛ ጥያቄ የመዝገብ ቤት ጥያቄ ነው። በነዚያ ዓመታት የውጭ ገንዘብ የለም። ሚሲዮን የለም። ደመወዝ የሚቆርጥ ቢሮ የለም። ታዲያ ያን ሁሉ ሥራ በምን ሠሩት?

እንግዲህ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሚሲዮኖቹ ገና ከጅምሩ የያዙት ደንብ ነበር፤ ይኸውም የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ራሷን ታስተዳድር፣ ራሷን ትቻል፣ ትምህርቷንም በራሷ ሰው ታስፋፋ የሚል ነው። ስለዚህ ለአገሬው ሰባኪ ከሚሲዮኑ ካዝና ደመወዝ አይከፍሉም። እኛ በወጣትነታችን ይህን ስንሰማ «ፈረንጅ ንፉግ ነው» እንል ነበር። አንዳንዶቻችሁም ዛሬ እንዲያው ታስቡ ይሆናል። ነገር ግን ፈረንጁ በሄደ ጊዜ የተቋረጠ ደመወዝ ስላልነበረ የቆመ ሥራም አልነበረም። የለመደው ነገር የቀረበት ሰው ነው ግራ የሚጋባው፤ እነሱ አልለመዱም።

የጸሎት ቤቱ፤ በወላይትኛ ዎሳ ኬታ የሚባለው፤ የሚሠራው በደቦ ነው። አንዱ ምሰሶ ይቆርጣል፣ ሌላው ማገር ይጠርባል፣ ሌላው ሣር ያጭዳል፣ ሴቶቹ ውሃና ጭቃ ያቀርባሉ። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር እምብዛም የለበትም። ሣሩ ሲያፈስ እንደገና ይከደናል። መባውም ቢሆን ብር አልነበረም። ጠገራ ብር ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ገበሬው በቆሎውን፣ ቦዬውን፣ ቅቤውን፣ ሴቲቱ ዶሮና እንቁላሏን፣ ቆጮዋን፣ የፈተለችውን ጥጥ፣ ሸማኔው ቡሉኮ ያመጣል። ከ1937 ዓ.ም. በኋላ አዲሱ የኢትዮጵያ ብርና ሳንቲም ሲወጣ ነው ስሙኒ ይዞ መምጣት እየተለመደ የሄደው።

ያ የመጣው እህልና ቅቤ ወዴት ሄደ? ሽማግሌዎች ሲያጫውቱን ከሁሉ በፊት የሚያነሡት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው እስር ቤት፣ ሁለተኛው ሩቅ አገር።

እስር ቤቱን በተመለከተ በቤታችን የምናውቀው ታሪክ ስላለ እሱን እንጽፋለን። በጣልያን ጊዜ የወላይታ አማኞች መሪዎች ተይዘው ሶዶ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ከነሱ ውስጥ ዋንዳሮ የሚባሉት ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። በዚያን ጊዜ እስረኛን የሚቀልበው መንግሥት ሳይሆን ዘመዱ ነው። ዘመድ የሌለው ይራባል። አባታችን ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። አጎታቸው በመሬት ጠብ ሰው ደብድበው እዚያው እስር ቤት ገብተው ነበርና አባታችን ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው፣ ከቆላው ዳገቱን ወጥተው ስንቅ ያደርሱላቸው ነበር። አጎትየው አማኝ አልነበሩም፤ እንዲያውም በአማኞቹ የሚያፌዙ ሰው ነበሩ ይባላል። ታዲያ አንድ ሳምንት ዝናብ ሆኖ ወንዙ ሞልቶ አባታችን ሳይሄዱ ቀሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲሄዱ አጎትየው በረሃብ ወድቀው አገኛለሁ ብለው ሲያለቅሱ ቢደርሱ፤ አጎትየው ጠግበው ተቀምጠዋል። «እነዚያ ሰዎች ያመጡትን ለሁላችንም ነው የሚያካፍሉት» አሉ። አማኞቹ ለመሪዎቻቸው ያመጡትን ስንቅ ላልታመነውም ለሌባውም እኩል ያድሉ ነበር ማለት ነው። አጎትየው ከእስር ሲወጡ ወዲያው አልተጠመቁም፤ ፌዛቸውን ግን ተዉ። አባታችን ይህን ሲነግሩን መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

ሁለተኛው ሩቅ አገር ነው ብለናል። የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ያን ጊዜ ኩሎ ወደሚባለው ወደ ዛሬው ዳውሮ፣ ወደ ሲዳማ፣ ከዚያም አልፈው እስከ አሪ ሄደዋል። ሚስትና ልጅ ይዞ፣ ቋንቋው ወደማይታወቅ አገር፣ ወባ ወዳለበት ቆላ መውረድ ነው። መቃብሩ እዚያው የቀረ ብዙ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ማን ይቀልበው? ወላይታ የቀረው ጉባኤ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚሉት መከር ሲገባ ይሰበሰባል፤ ሰባኪው ራሱም በሄደበት ያርሳል፣ ሚስቱም ትፈትላለች። የተሰበሰበውን የሚመዘግብ ጸሐፊ ስለሌለ አንድ ሽማግሌ ይነሣና ጮክ ብሎ «ይህን ያህል ቁና ገባ፤ ይህን ያህል ለእገሌ ተላከ፤ ይህን ያህል ቀረ» ብሎ ለጉባኤው ይናገራል። ማንበብ የማያውቅ ሕዝብ ሒሳቡን በጆሮው ይመረምር ነበር ማለት ነው። እኛ በሥራ ዘመናችን ስንት ኦዲተር አይተናል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየንም።

ፍጹማን ነበሩ እያልን አይደለም። መንገድ ላይ የጎደለ እህል እንደነበር፣ «የእገሌ ሰፈር ብዙ ተቀበለ፣ የኛ ሰባኪ ተረሳ» የሚል ጭቅጭቅ እንደነበርም ያጫወቱን እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ነገር ግን ከአንዳቸውም አፍ «ይህን የመሰለ ሕንፃ ሠራን» የሚል ወሬ ሰምተን አናውቅም። የሚያወሩት ስለ ሰው ነው። ማን እንደተላከ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ማን ቤት እንዳደገ።

አንድ የካቶሊክ ቄስ፤ እድራችንን ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሳለ በድንኳኑ ሥር ይህን ነገር ብናነሣባቸው፤ እንዲህ ሲሉ ነገሩን። ከ1,500 ዓመት በፊት የሮም ጳጳስ የነበረው ገላስዮስ የቤተ ክርስቲያን ገቢ ለአራት እንዲከፈል አዝዞ ነበር፤ አንዱ እጅ ለጳጳሱ፣ አንዱ ለካህናቱ፣ አንዱ ለድሆች፣ አንዱ ለሕንፃው። እኛም ይህን ስንሰማ ቁጥር ስለምንወድ በጣም ደስ አለን። ሕንፃ ይኑር፤ ግን ከአራት አንዱ። ድሃውም የተረፈው ሲኖር የሚታሰብ ሳይሆን የራሱ ድርሻ ያለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም። አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጧቸውን ሰዎች አስከትሎ ነው የሄደው፤ ምክንያቱንም ማንም እንዳያማን ብሎ ጽፎታል። ጳውሎስ ራሱ ምስክር ካስፈለገው ለዛሬው ገንዘብ ያዥ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናንተው ገምቱ።

የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በ1964 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነበር። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ፤ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለልማት ገንዘብ ቶሎ ትሰጣላችሁ፣ ለስብከቱ ሥራ ግን አትሰጡም፤ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይቆረጥምና እኛ ለምንፈልገው ስጡን የሚል ነው። ከኛ ሰፈር ክርክር ተቃራኒ ይመስላል፤ እነሱ የልማቱ በዛ፣ የስብከቱ አነሰ ነው የሚሉት። ሥሩ ግን አንድ ነው። ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስነው ሩቅ የተቀመጠ ሰው ከሆነ ቅርብ ያለው ሰው ችግሩን እያየ እጁ ይታሰራል ማለት ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1970ዎቹ ዓመታት በወላይታ ብዙ የጸሎት ቤቶች ታሸጉ፤ መሪዎች ታሰሩ፤ ቤቶቹ ለመጋዘንም ለስብሰባም ዋሉ። በቆርቆሮ የተሠራውም በሣር የተከደነውም እኩል ታሸገ። ሰዎቹ ግን በየቤቱ፣ በየእርሻው ጥግ ተገናኙ። ስንቅ ማቀበሉም እንደ ጣልያን ጊዜ እንደገና ተጀመረ። ያን ጊዜ እኛ ወጣት ጸሐፊ ነበርንና ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው መንገድ ሴቶች አገልግል ይዘው ወደ እስር ቤት ሲያልፉ በመስኮት እናይ ነበር። ምንም አላልንም። ደመወዛችንን ነበር የምንጠብቀው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ቤቶቹ ተመለሱ። ሰው ተደሰተ፤ መሥራትም ተጀመረ። መጀመሪያ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ብሎኬት፣ ከዚያ ፎቅ። ይህን በመጥፎ አናነሣውም፤ ሕዝቡ በዝቷል፣ ሣር ቤት አይበቃውም፣ ሣሩም ራሱ ጠፍቷል። በሁሉም ሃይማኖት ነው። ነገር ግን በዚያው መጠን አንድ ነገር ተቀየረ። ድሮ ቤቱ በጉልበት ይሠራና መባው ለሰው ይሄድ ነበር። አሁን ቤቱም በመባ ሆነ። ሲሚንቶና ብረት ደቦ አያውቁም።

እኛ ራሳችን በዚህ ነገር ውስጥ ነበርን። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነን 11 ዓመት አገልግለናል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አንጽፍም፤ እድሩ የሁሉም ነው፤ ጥፋቱም የኛ ነው። በዚያ ጉባኤ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ልጅ የላቸውም። በየዓመቱ በጊፋታ ሰሞን አንድ ዶሮ ለሕንፃው ይሰጣሉ። ዶሮዋ በጨረታ ትሸጥና ገንዘቡ በስማቸው ይጻፋል፤ የምንጽፈውም እኛ ነን። ሳያቋርጡ ዘጠኝ ዶሮ ሰጥተዋል። በ2008 ዓ.ም. ታመሙ። ሐኪም ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አላቸው፤ የጎደላቸው 4,000 ብር ነበር። ለኮሚቴው ማመልከቻ በሰው አስጽፈው አቀረቡ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ክፉ ሰው አልነበረበትም፤ ይህን ልብ በሉልን። አንዱ «ገንዘቡ ለሕንፃ ተብሎ የተሰበሰበ ነው፤ ለሌላ ብናውለው ሰጪውን ማታለል ነው» አለ። እውነቱን ነው። ሌላው «ለእሳቸው ከሰጠን ነገ ሁሉም ይመጣል» አለ። ይህም እውነት ነው። የታመመ ሰው የሚረዳበት ሌላ ሣጥን ግን አልነበረንም። አንድም ቀን አስበነው አናውቅም። ስለዚህ «ጥያቄዎን በአክብሮት ተመልክተነዋል፤ ይሁን እንጂ» ብለን ጀምረን ደብዳቤውን የጻፍነው እኛ ነን። ቁጥርና ቀን ሰጠነው፤ ማኅተም አደረግንበት። በዚያው ወር ለድምፅ ማጉያ 62,000 ብር ወጪ ሆኗል። ያንንም የጻፍነው እኛ ነን፤ ገጹ ያው ነው።

ባልቴቲቱ ሦስት ወር ያህል ቆይተው አረፉ። እድራችን ደንቡ እንደሚያዘው የቀብር ወጪውን ከፈለ፣ ድንኳን ተከለ፣ ለቀስተኛ አስተናገደ። ያ አዲሱ ድምፅ ማጉያ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ድንኳኑ ሥር ቆመና መዝሙር ተዘመረበት። እድሩ ለቀብራቸው ያወጣው ገንዘብ ለሕክምና ጎድሏቸው ከነበረው ይበልጥ ነበር። ሒሳቡን ስንዘጋ ነው ያየነው። ለማንም አልተናገርንም። በዚያው ዓመት ከኮሚቴው ወጣን፤ ሰው ሲጠይቀን «ዓይናችን ደከመ» እንላለን።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያንን ብቻ እንዳንወቅስ እድራችንንም እንየው። እድራችን ለሰው የሚደርሰው ከሞተ በኋላ ነው። ባልቴቲቱ በሕይወት ሳሉ ወደኛ ቢመጡ ኖሮ ደንባችን ምን ይላቸው ነበር? «ገና ነዎት» ነው የሚላቸው።

ሒሳብን በተመለከተም ከሌላው የምንማረው አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከወጪያቸው ከመቶ 70 የሚሆነውን ለተቋቋሙበት ዓላማ፣ ከ30 ያልበለጠውን ለአስተዳደር እንዲያውሉ አስገድዶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ደግሞ የአስተዳደሩን ወደ 20 ዝቅ አድርጎታል። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ አዋጅ አይገዙም፤ መንግሥት መባ ውስጥ እጁን እንዲያስገባም አንመኝም፤ አይተነዋል። ግን ማንም ሳያስገድደን ራሳችን ልክ ብናወጣ ማን ይከለክለናል? እዚሁ በወረዳችን በሁምቦ ተራራ ላይ 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው ደኑን መልሰው ያበቀሉት ሰባቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ ሲያገኙ ወፍጮና የእህል መጋዘን አቋቁመውበታል። ገበሬ ናቸው። ምሁር አልጠሩም። የጎደላቸውን ስለሚያውቁ የጎደላቸው ላይ አዋሉት።

ስለዚህ ለዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የእድሩ ገንዘብ ለማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አይሰጥ። ይህን የምንለው ሕንፃ ጠልተን አይደለም፤ የማንኛው ቀድሞ የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሌለውና ገንዘቡም ለሐዘን ተብሎ የተዋጣ ስለሆነ ነው። በዚህ ፈንታ ደንባችን ይሻሻልና ከቀብር ክፍያው በፊት አባል በሕይወት ሳለ ለከባድ ሕመም የሚበደርበት አንድ አነስተኛ የሕመም ሣጥን ይቋቋም። ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት ይቀነስለት። ከዚያም አባሎቻችን ያሉባቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፤ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፤ በየራሳቸው ጉባኤ ተመካክረው ከመባቸው የቻሉትን ያህል ለበሽተኛና ለባልቴት ለይተው እንዲያስቀምጡ በደብዳቤ እንጠይቅ። የገላስዮስን አራተኛ እጅ ሊሰጡ ይችላሉ፤ አሥረኛ እጅም ሊሰጡ ይችላሉ፤ ምንም አንሰጥም ሊሉም ይችላሉ፤ ገንዘቡ የነሱ ነው። የምንለምናቸው አንድ ነገር ግን አለ፤ በዓመት አንድ ቀን ገቢና ወጪውን አንድ ሰው ተነሥቶ ጮክ ብሎ ለጉባኤው ያንብብ። እኛም የእድራችንን ሒሳብ እንደዚሁ እናንብብ፤ ዘንድሮ በወረቀት አባዝተን ማደላችን ጥሩ ቢሆንም ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን ወረቀቱን ለእሳት መለኮሻ እንዳዋሉት ሰምተናል።

የደንቡን ማሻሻያ ረቂቅ ጽፈን ለእድሩ ጸሐፊ አስረክበናል። ለአብያተ ክርስቲያናቱ የሚላከውንም ደብዳቤ ጀምረነዋል፤ «በአክብሮት» የሚለውን ቃል ግን ሳናስገባበት ነው የጻፍነው። ጉባኤው ከፈለገ ይጨምርበት።